በር የሚዘጋ ቁልፉን ያሳይ፦ ስለ ዓሣ ማስገሪያ ወቅቶች መዘጋት

በ1639 (እ.ኤ.አ.፤ በተለየ ሁኔታ ካልተገለጸ በስተቀር ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ የሚገኘው የማሳቹሴትስ ቤይ ቅኝ ግዛት ለዛሬ አንባቢ እንግዳ የሚመስል ድንጋጌ አወጣ። ድንጋጌው ሰፋሪዎቹ ኮድና ስትራይፕድ ባስ የተባሉትን የዓሣ ዓይነቶች ለእርሻ ማዳበሪያ እንዳያውሉ የሚከለክል ነበር። ዓሣ ማሳ ውስጥ እስኪቀበር ድረስ የተትረፈረፈበት ዘመን ነበር ማለት ነው። ከ346 ዓመታት በኋላ፣ በ1985 መጀመሪያ ላይ፣ የሜሪላንድ ግዛት ይህንኑ ስትራይፕድ ባስ ማስገርን ጨርሶ ከለከለ። ማሳ ሊያለማ ይችል የነበረው ሀብት ለገበታ እንኳ የሚያሰጋ ሆኖ ተገኘ።

ውድ አንባቢያን፣ ስለዚህ ዓሣ ውድቀትና ትንሣኤ ብዙ ተጽፏል። በአብዛኛው የሚነገረው ግን የታሪኩ ግማሽ ብቻ ነው፤ «በሩ ተዘጋ፣ ዓሣውም ተመለሰ» ይባላል። በእኔ እምነት ዋናው ትምህርት የሚገኘው በሩ በመዘጋቱ ላይ ሳይሆን፣ በሩ ሲዘጋ የሚከፈትበት ቁልፍም አብሮ በመገለጹ ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው ለዚህ ሐሳብ ነው፦ ዓሣ ማስገርን የሚከለክል ማንኛውም ሕግ ምን ሲሆን እንደሚነሣ በቁጥር መናገር አለበት። ይህን የማይናገር ሕግ ለዓሣውም ለአስጋሪውም አይጠቅምም። ይህን ሐሳብ በመጨረሻ ወደ ራሳችን ጣና ሐይቅ ይዘነው እንመለሳለን።

ዓሣው በወንዙ አፍ

ስትራይፕድ ባስ ስሙን ያገኘው በብርማ ጎኑ ላይ ከጭንቅላቱ እስከ ጅራቱ ከሚዘልቁት ሰባት ወይም ስምንት ጥቁር መስመሮች ነው። ሳይንሳዊ መጠሪያው ሞሮኔ ሳክሳቲሊስ ይባላል። አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው በአትላንቲክ ጠረፍ ጨዋማ ውኃ ውስጥ ሲሆን፣ ለመራባት ግን ወደ ወንዞች ጨው አልባ ውኃ መውጣት ይኖርበታል። በጠረፉ ላይ ከሚገኘው የዚህ ዓሣ ሀብት አብዛኛው የሚወለደው ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ በሚፈስሱ ወንዞች ውስጥ ነው። ጸደይ ገብቶ ውኃው ሲሞቅ፣ ከአፕሪል እስከ ጁን መጀመሪያ ባለው ጊዜ፣ ወላጆቹ በወንዞቹ ውስጥ ይሰበሰባሉ። እንስቲቱ የምትጥለው እንቁላል በወራጁ ውኃ ተንሳፍፎ እየተጓዘ በሁለት ወይም በሦስት ቀናት ውስጥ ይፈለፈላል።

በዚህ የሕይወት ዑደት ውስጥ ሦስት ነገሮችን ልብ እንበል። አንደኛ፣ በሰፊው ባሕር ላይ ተበታትነው የነበሩት ዓሦች በአንድ ወቅትና በጠባብ ቦታ ይከማቻሉ። ሁለተኛ፣ በዚያ ወቅት የምትያዝ አንዲት ትልቅ እንስት በሆዷ በመቶ ሺዎች፣ አንዳንዴም በሚሊዮኖች የሚቆጠር እንቁላል ይዛለች። ሦስተኛ፣ እንስቶቹ ለመራባት የሚደርሱት ከአራት እስከ ስምንት ዓመት ሲሆናቸው ነው። ስለዚህ ሳትራባ የተያዘችን እንስት የሚተካ ሌላ እንስት ለማግኘት ዓመታት መጠበቅ ግድ ይላል።

ከእነዚህ እውነቶች አንድ አሳሳች ክስተት ይወለዳል። ዓሣው በተከማቸበት ቦታ መረቡን የሚጥል አስጋሪ በትንሽ ነዳጅና በትንሽ ድካም ብዙ ይይዛል። የዓሣው አጠቃላይ ብዛት በግማሽ ቢቀንስ እንኳ የቀሩት በዚያው በወንዙ አፍ ስለሚሰበሰቡ የአስጋሪው መረብ አሁንም ይሞላል። «ዓሣ አለቀ የምትሉት ምን ዓይታችሁ ነው? የእኔ ጀልባ ሞልታ ትመለሳለች» ቢል ሐሰት አልተናገረም፤ ያየውን ነው የተናገረው። ነገር ግን የሞላው መረብ ስለ ክምችቱ እንጂ ስለ ሐይቁ ወይም ስለ ባሕሩ አይመሰክርም። ገበያው የደመቀበት ቀን ጎተራው የሚራቆትበትም ቀን ሊሆን ይችላል። በመራቢያ ወቅት ማስገርን መዝጋት ያስፈለገበት ሳይንሳዊ ምክንያት ይኸው ነው።

በ1985 የተዘጋው በር

በአትላንቲክ ጠረፍ ለንግድ የሚያዘው ስትራይፕድ ባስ በ1973 ወደ 6,700 ቶን ገደማ ደርሶ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1983፣ ወደ 1,600 ቶን አካባቢ አሽቆለቆለ። በዚህ መካከል የጠረፉ ግዛቶች የዓሣ ሀብት ኮሚሽን በ1981 የመጀመሪያውን የጋራ እቅድ አወጣ፤ ይሁን እንጂ እቅዱን መከተል ለእያንዳንዱ ግዛት ፈቃድ የተተወ ነበር። ዓሣው የግዛት ድንበር የማያውቅ መንገደኛ ስለሆነ አንዱ ግዛት የቆጠበውን ሌላው ያወጣዋል። በ1984 የአሜሪካ ኮንግረስ ያጸደቀው የስትራይፕድ ባስ ጥበቃ ሕግ ይህን ቀዳዳ ደፈነ፤ የጋራውን እቅድ በማይከተል ግዛት ውስጥ የፌዴራሉ መንግሥት ማስገርን እንዲያግድ ሥልጣን ተሰጠው። ሜሪላንድ በ1985 ሙሉ እገዳ ጣለች፤ ቨርጂኒያም በ1989 ተከተለች።

ይህ ውሳኔ በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ለሚኖሩ አስጋሪዎች ቀላል አልነበረም። እንጀራቸው የቆመው በዚያ ዓሣ ላይ ነበርና። ታዲያ አምስት ዓመት የዘለቀን እገዳ እንዴት ተሸከሙት? በእርግጥ ሕጉና ጠባቂው ነበሩ። ከዚህ በተጨማሪ ግን ሁሉም ሊያየው የሚችል አንድ ቁጥር ነበር።

ቁልፉ

ሜሪላንድ ከ1954 ጀምሮ በየዓመቱ አንድ ቀላል ሥራ ስትሠራ ቆይታለች። ባለሙያዎች በበጋው ወራት ዓሣው በሚራባባቸው የታወቁ ወንዞች ዳርቻ 30 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መረብ ይጎትታሉ፤ በመረቡ ውስጥ የተገኙትን በዚያው ዓመት የተወለዱ ትናንሽ ስትራይፕድ ባሶች ይቆጥራሉ፤ መልሰውም ይለቋቸዋል። በየዓመቱ ቦታው፣ መረቡና ወራቱ አይለወጡም። በአንድ ጉተታ በአማካይ ስንት ጫጩት ተገኘ? መልሱ የዓመቱ መለኪያ ይሆናል። ለዚህ ሥራ ረቂቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የሚፈልገው ትዕግሥትን ነው። ነገር ግን እገዳው በታወጀበት ጊዜ ይህ ትዕግሥት ከ30 ዓመታት በላይ የዘለቀ መዝገብ አፍርቶ ነበር።

በ1985 የተሻሻለው የጋራ እቅድ በዚህ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ ሁለት ግልጽ ነገሮችን አስቀመጠ። የመጀመሪያው ጥበቃውን የሚመለከት ነው፦ በ1982 ከተወለደው ትውልድ እንስቶች ቢያንስ 95 በመቶው አንድ ጊዜ የመራባት ዕድል እስኪያገኙ ድረስ ከመረብ እንዲጠበቁ ይላል። ሁለተኛው በሩ የሚከፈትበትን ይመለከታል፦ የሜሪላንድ የጫጩቶች መለኪያ የሦስት ዓመት አማካይ ከ8 ሲበልጥ ማስገር በመጠኑ ይፈቀዳል። ይህ መስፈርት በ1989 በተወለደው ትውልድ ተሟላ፤ በ1990ም በሩ በጥንቃቄ ተከፈተ። በ1995 የዓሣው ሀብት ሙሉ በሙሉ ማገገሙ ታወጀ።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። «የ1982ቱ ትውልድ የተወለደው እገዳው ከመታወጁ ከሦስት ዓመት በፊት ነው፤ ስለዚህ ዓሣውን ያዳነው ተፈጥሮ እንጂ ሕጉ አይደለም» የሚል ነው። ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው። የጫጩቶች ዕጣ ፈንታ በአብዛኛው የሚወሰነው በጸደዩ የአየር ጠባይ፣ በወንዙ ፍሰትና በምግባቸው ብዛት ነው፤ በየትኛውም አዋጅ መልካም ጸደይ ማዘዝ አይቻልም። ሆኖም መልካም ዓመት የሚወልደውን ትውልድ ለወላጅነት እስኪደርስ ማቆየት የሰው ፋንታ ነው። ተፈጥሮ ዘሩን ሰጠች፤ እገዳው ዘሩ ሳይዘራ እንዳይበላ ጠበቀው። ከሁለቱ አንዱ ቢጎድል ኖሮ ሦስተኛው፣ ማለትም መኸሩ፣ ባልተገኘ ነበር።

ዛሬስ?

የዚህ ታሪክ ፍጻሜ በ1995 ቢሆን ኖሮ ደስ ባለን። በ2019 የወጣው የሀብት ግምገማ ግን ስትራይፕድ ባስ እንደገና ከልክ በላይ መጠመዱንና ለመራባት የደረሱት እንስቶች ብዛት ከተፈቀደው ዝቅተኛ መጠን በታች መውረዱን አስታወቀ። ሀብቱን እስከ 2029 መልሶ ለመገንባት ቀነ ገደብ ተቀመጠ። መዝገቡም መጥፎ ዜና ማሰማቱን ቀጥሏል፤ ከ2019 እስከ 2025 ባሉት ሰባት ዓመታት ሁሉ የሜሪላንድ መለኪያ ከረጅም ዘመን አማካዩ (11 ገደማ ነው) እጅግ ዝቅ ያለ ሲሆን፣ በ2023 ወደ 1 ወርዶ ነበር።

የዛሬው ፈተና ከ1985ቱ በአንድ ነገር ይለያል። ዛሬ ከሚሞቱት ዓሦች አብዛኞቹ የሚሞቱት በንግድ አስጋሪ መረብ ሳይሆን ለመዝናናት በሚያጠምዱ ሰዎች መንጠቆ ነው። እነዚህ ሰዎች የሚይዙትን አብዛኛውን ዓሣ መልሰው ይለቃሉ። የለቀቁት ሁሉ ግን በሕይወት አይኖርም፤ ገምጋሚዎቹ በስሌታቸው የሚጠቀሙበት መጠን 9 በመቶ ነው። ይህ ማለት 11 ዓሦችን ይዞ ሁሉንም የለቀቀ ደግ ሰው በአማካይ አንዱን ገድሏል ማለት ነው። ውኃው ሲሞቅና በውስጡ የሚሟሟው ኦክሲጅን ሲያንስ አደጋው ይብሳል። ሜሪላንድ በ2021 ከጁላይ 16 እስከ 31 ባሉት ቀናት ስትራይፕድ ባስን ይዞ መልቀቅን ጭምር የከለከለችው በዚህ ምክንያት ነበር።

እንግዲህ «ወቅቱ ተዘግቷል» ስንል ምን ማለታችን ነው? መውሰድ ብቻ ነው የተከለከለው ወይስ ማጥመድም ጭምር? ይህ ጥያቄ በ2025 የጦፈ ክርክር አስነሥቶ ነበር። ኮሚሽኑ ዓሣው የሚሞትበትን መጠን በ12 በመቶ ለመቀነስ ተጨማሪ የወቅት መዝጊያዎችን ለሕዝብ አስተያየት አቅርቦ ነበር፤ በዓመቱ መገባደጃ ላይ ግን ቅነሳው ሳይጸድቅ ቀረ። የተቃዋሚዎቹ ሥጋት መናቅ የለበትም፦ የጀልባ አከራዮች፣ የመንጠቆ ሻጮችና የትናንሽ ወደቦች ሕይወት በእነዚያ ወራት ላይ የተመሠረተ ነው። «ሌላ ዓሣ እያጠመድኩ ነው» የሚልን ሰው ሐሳቡን መርምሮ መቅጣትም አስቸጋሪ ነው።

እኔ ግን የምጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው። ለሚዘጉት ሰዎች በሩ መቼ እንደሚከፈት ተነግሯቸዋልን? በ1985 አስጋሪው «8» የሚለውን ቁጥር ያውቅ ነበር፤ በየዓመቱም ወደዚያ ቁጥር መቅረቡን ወይም መራቁን ሊከታተል ይችል ነበር። ዛሬ የሚቀርበው የ2029 ቀነ ገደብ በዋናነት በሞዴል ስሌት ላይ የቆመ ነው። ስሌቱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በጀልባው ላይ ለቆመው ሰው የሚታይ ቁልፍ አይደለም። ሰው የማያየውን ቁልፍ አያምንም፤ የማያምነውንም በር ሊሰብረው ይቃጣዋል።

ከቼሳፒክ ወደ ጣና

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ምን ይፈይዳል? ከቼሳፒክ የራቀ፣ ነገር ግን በሥነ ሕይወቱ በእጅጉ የሚመሳሰል ታሪክ በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኘው ጣና ሐይቅ ውስጥ እየተጻፈ ስለሆነ ነው። በጣና 15 ያህል የላቤዮባርበስ ዝርያዎች ይኖራሉ፤ አብዛኞቹ በምድር ላይ ከዚህ ሐይቅ ውጪ አይገኙም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ሐይቁን ከታችኛው የዓባይ ተፋሰስ ስለለየው፣ በዚያ ተነጥለው የቀሩት ዓሦች በአመጋገብም ሆነ በአካል ቅርጽ የተለያዩ ዝርያዎች ወጥተዋቸዋል። በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ በሌላቸው በካርፕ ወገን ዓሦች ዘንድ ሌላ ዓሣ አድኖ መብላት ብርቅ ነው፤ በጣና ግን ስምንቱ ዝርያዎች ዓሣ በል ናቸው። ለዝግመተ ለውጥ ተማሪ ይህ ሕያው መጽሐፍ ነው።

ከእነዚህ ዝርያዎች ግማሽ ያህሉ ክረምት ሲገባ፣ በተለይም በነሐሴና በመስከረም፣ እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ወንዞችና ገባሮቻቸው ይወጣሉ። ጠጠራማ መሬትና ኦክሲጅን የሞላበት ንጹሕ ወራጅ ውኃ ይፈልጋሉ። ከመውጣታቸው በፊት እንደ ስትራይፕድ ባስ ሁሉ በወንዞቹ አፍ ይከማቻሉ። በደንገል ታንኳ ብቻ ይሠራ በነበረበት ዘመን ይህ ክምችት ብዙም አልተነካም። ከ1986 ጀምሮ ግን የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገቡ፤ መረቡም በወንዞቹ አፍ ተዘረጋ። በአንዳንድ ወንዞች ውስጥ ደግሞ የተወቀጠ የብርብራ ፍሬ በውኃው ላይ እየተበተነ ወላጆቹ ዓሦች ይመረዛሉ።

ውጤቱ ምን ሆነ? የሆላንድና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ መጀመሪያና ከ1999 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ያካሄዷቸውን ናሙናዎች ሲያነጻጽሩ፣ ወደ ወንዝ የሚወጡት ላቤዮባርበሶች በሦስት አራተኛ ገደማ ቀንሰው አገኟቸው። የወጣቶቹ ዓሦች መመናመን ከዚህም የባሰ ነበር፤ 90 በመቶ ያህሉ ጠፍተዋል። ቼሳፒክ በ1983 የደረሰበትን ቁልቁለት ጣና በዚያን ጊዜ ደርሶበት ነበር።

ሕግ የለንም ማለት አይቻልም። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። በወረቀት ላይ ያለ ሕግ ግን በወንዙ አፍ ላይ ካልቆመ ዓሣው አያነብበውም። ሕጉን በዚያ ለማቆም የአስጋሪው ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የአስጋሪውን ፈቃድ ለማግኘት ደግሞ እምነቱን ማግኘት ይቀድማል።

በዚህ ረገድ የእኛ አስጋሪ ከቼሳፒኩ አጥማጅ የባሰ ችግር አለበት። ለእርሱ ማስገር መዝናኛ አይደለም። በተጨማሪም የፍልሰታ ጾም የሚውለው በነሐሴ የመጀመሪያዎቹ አሥራ አምስት ቀናት ሲሆን፣ ይህም ዓሦቹ ከሚራቡበት ወቅት ጋር ይገጥማል። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እንተወውና፣ በጾም ወቅት የዓሣ ፈላጊ እንደሚበዛ ግን ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ በነሐሴ «መረብህን ሰብስብ» የሚባለው አስጋሪ በጎ ገበያ እያየ እንዲቀመጥ ነው የሚጠየቀው። ይህን ያህል የሚጠይቅ ወገን በምላሹ የሚሰጠው ነገር ሊኖረው ይገባል።

ምን ይደረግ?

በበኩሌ ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ። በመጀመሪያ፣ የሚዘጋው ጠባብና ግልጽ ይሁን። ሐይቁን በሙሉ መዝጋት አያስፈልግም፤ በነሐሴና በመስከረም የዋና ዋናዎቹ ወንዞች አፍና ገባሮቻቸው ይዘጉ። ቀረሶና አምባዛ በሌላው የሐይቁ ክፍል መጠመዳቸውን ሊቀጥሉ ይችላሉ። በብርብራ መመረዝ ግን ወቅት የማይወሰንለት፣ ሁልጊዜ የተከለከለ ይሁን።

ሁለተኛ፣ ቆጠራው ዛሬ ይጀመር። በየዓመቱ ክረምቱ ካለፈ በኋላ በተመሳሳይ ቦታ፣ በተመሳሳይ መረብ፣ በተመሳሳይ ሳምንት ወጣት ላቤዮባርበሶችን መቁጠር ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። በባሕር ዳር ያሉት የከፍተኛ ትምህርትና የምርምር ተቋማት፣ ከሁሉም በላይ ተማሪዎቻቸው፣ ሊሠሩት ይችላሉ። አስጋሪዎቹም በቆጠራው ይሳተፉ፤ በራሱ እጅ የቆጠረውን ቁጥር የሚጠራጠር ሰው ጥቂት ነው።

ሦስተኛ፣ ቁልፉ ከአዋጁ ጋር አብሮ ይውጣ። «የወጣት ዓሦች መለኪያ የሦስት ዓመት አማካይ እዚህ ቁጥር ላይ ሲደርስ በወንዞቹ አፍ ላይ ያለው ክልከላ ይላላል፤ ከዚህ ቁጥር በታች ሲወርድ ይጠብቃል» ተብሎ ይጻፍ። በእርግጥ ሜሪላንድ ቁጥሯን ስታስቀምጥ የ30 ዓመት መዝገብ በእጇ ነበር፤ እኛ ግን አሁን መጀመራችን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቁጥር ጊዜያዊ ሆኖ ከአምስት ዓመት ቆጠራ በኋላ ይመርመር። ሊታረም የሚችል ቁጥር ከምንም ቁጥር ይሻላል፤ ጨርሶ የሌለ ቁጥር ግን ሊታረምም አይችልም።

«ወንዞቹ ራሳቸው ለመስኖ እየተጠለፉና አሸዋቸው እየተዛቀ ሳለ አስጋሪውን ብቻ መከልከል ፍትሐዊ ነውን?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቆጠራው ለዚህም ያገለግላል። መረቡ ተሰብስቦም ወጣቶቹ ዓሦች ካልበዙ ጥፋቱ ከአስጋሪው ሌላ ዘንድ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ይገኛል፤ አስጋሪውም ያንን ቁጥር ይዞ በመስኖውና በአሸዋው ባለቤት ፊት ሊቆም ይችላል። ቁጥሩ እርሱን የሚያስር ብቻ ሳይሆን የሚሟገትለትም ይሆናል።

ይህን መጽሔት የምታነብቡ የሥነ ሕይወትና የስታቲስቲክስ ተማሪዎች ሆይ፣ የቼሳፒክ ትውልድ የዳነው በአንድ ታላቅ ግኝት አይደለም። በ1954 መረብ መጎተት የጀመሩት ሰዎች መዝገባቸው ከ31 ዓመት በኋላ የአንድ ሙሉ ጠረፍ ሕግ እንደሚሆን አያውቁም ነበር፤ በየዓመቱ ግን ሳያቋርጡ ቆጠሩ። የጣና መዝገብ የመጀመሪያ ገጽ ገና ባዶ ነው። በሚመጣው ጥቅምት ጭቃ ረግጦ መረቡን የሚጎትትና የመጀመሪያውን ቁጥር የሚጽፍ ከእናንተ መካከል ይገኝ ይሆን?